ስለ አሮጌ ሞተር ብስክሌት ዘይት፤ «ዘይት» ብሎ መጻፍ ብቻ እንደማይበቃ



ዛሬ የምጽፍላችሁ ነገር ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ይኸውም በየጽሕፈት ቤቱ ደጅና በየእርሻው ግቢ ቆሞ ስለሚታየው አሮጌ ሞተር ብስክሌት፤ በተለይም በውስጡ ስለሚጨመረው ዘይት ነው። ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ፤ ስለ ከብት በሽታና ስለ አፈር መከላት በሚነገርበት መጽሔት ላይ የሞተር ዘይት ምን አመጣው የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሱ ግን ሩቅ አይደለም። ክትባት ይዞ ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርደው የእንስሳት ሐኪም፤ በስንዴው ላይ ዋግ ታየ ሲባል ገሥግሦ የሚደርሰው የእርሻ ባለሙያ፤ ሁለቱም ብዙ ጊዜ የሚሄዱት በዚሁ አሮጌ ብረት ላይ ተቀምጠው ነው። ሞተር ብስክሌቱ በመንገድ ላይ በቆመ ቀን ክትባቱ በሣጥኑ ውስጥ ይሞቃል፤ ገበሬውም ከብቱን ይዞ በቀጠሮው ሜዳ ሲጠብቅ ውሎ ይበተናል። በሁለተኛው ቀጠሮ ቢጠሩት አይመጣም፤ ቢቀርም አይፈረድበትም።

በየቤታችን ያለችው እመቤት ምጣዷን በጎመን ዘር ታስሳለች እንጂ ቅባት ሁሉ አንድ ነው ብላ በቅቤ አታስስም። ቅቤም፤ ኑግም፤ ተልባም፤ ጎመን ዘርም ሁሉም ቅባት ናቸው፤ ዳሩ ግን ለእያንዳንዱ የራሱ ቦታ አለው። ይህን ሴቶቻችን ከእናቶቻቸው ተምረው ያውቁታል። እኛ የጽሕፈት ቤት ሰዎች ግን ለሞተር ብስክሌት ዘይት ስንገዛ በወረቀቱ ላይ «ዘይት፤ 1 ሊትር» ብለን ጽፈን እንፈርማለን። የዚህ ጽሑፍ አሳብ በአጭሩ ይህ ነው፤ ዘይት የሚመረጠው በሱቅ ደጃፍ በዋጋ ክርክር ሳይሆን አስቀድሞ በጽሕፈት ቤት በብዕር መሆን አለበት።

እኔ በሥራዬ ጸሐፊ ነኝ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ነገሩን የተማርሁት ከመዝገብ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰሜን ሸዋ ከሚገኙት ጽሕፈት ቤቶች በአንዱ፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ የንብረት መዝገብ እንድመረምር ታዝዤ ነበር። ከሚወገዱት ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ አንድ ባለ አራት ምት ሞተር ብስክሌት «አገልግሎቱን የጨረሰ» ተብሎ ተጽፎ አገኘሁ። ምክንያቱን ብጠይቅ፤ ዳገት ሲወጣ ሞተሩ ይጮኻል፤ ጎማው ግን አይከተለውም፤ የፍሪሲዮኑ ሸራ ተለውጦለት እንኳ አልዳነም አሉኝ። ከመፈረሜ በፊት በደብረ ብርሃን የታወቁ አንድ ሽማግሌ መካኒክ እንዲያዩት ለመንሁ። እርሳቸውም ብረቱን ሳይነኩ አስቀድመው የጠየቁት ጥያቄ «ልጆቼ፤ ምን ዘይት አደረጋችሁበት?» የሚል ነበር። የሚመልስ አልተገኘም። የሁለት ዓመቱን የግዥ ወረቀት ብናገላብጥ ሁሉም «ዘይት» ብቻ ይላል። በመጨረሻ ባዶው ቆርቆሮ ከዕቃ ቤት ተፈልጎ ቢወጣ፤ ለመልካም አውቶሞቢል የተሠራ፤ ነዳጅ ይቆጥባል የተባለለት፤ ዋጋውም ከሁሉ የበለጠ ዘይት ሆኖ ተገኘ። ሽማግሌው ዘይቱን አፈሰሱት፤ የፍሪሲዮኑን ሸራ አጠቡት፤ ለሞተር ብስክሌት የሚገባውን ዘይት ጨመሩ፤ ከጥቂት ቀንም በኋላ እንደ ገና ለወጡት። ያ ሞተር ብስክሌት ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አገልግሏል። ጥፋቱ የተጀመረው ከእኛው ወረቀት ላይ ነበር።

እንግዲህ ለምን እንዲህ እንደ ሆነ በቅደም ተከተል ልግለጽ።

ከሁሉ አስቀድሞ ሞተሩ ባለ ሁለት ምት ወይስ ባለ አራት ምት መሆኑን መለየት ይገባል። ባለ አራት ምት የሆነው ዘይቱን በሆዱ ይዞ ደጋግሞ ያዘዋውረዋል፤ እስኪለወጥም ድረስ ያው ዘይት ነው። ባለ ሁለት ምት የሆነው ግን ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋራ አብሮ ያቃጥለዋል፤ አንድ ጊዜ ያለፈው ዘይት በማርሚታው በኩል ጢስ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ የሁለተኛው ዘይት በደንብ የሚቃጠልና አመድ የማያስቀር ሆኖ መሠራት አለበት። የባለ አራት ምቱን ዘይት ከቤንዚን ጋራ ቢቀላቅሉት ካንዴላው ይጠቁራል፤ የፒስቶኑ ፋሻ በጥላሸት ይያዛል፤ ማርሚታውም ይደፈናል። በባለ ሁለት ምት ዘይት ቆርቆሮ ላይ ጃፓኖች ያወጡት «ጃሶ» የሚባለው ምልክት አለ፤ ኤፍቢ፤ ኤፍሲ፤ ኤፍዲ እያለ ፊደሉ ወደ ፊት በሄደ ቁጥር ንጽሕናው ይበልጣል። ጢስ እንዲያንስ የሚፈልግ ኤፍሲን ወይም ኤፍዲን ይምረጥ።

በዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ለእርሻ ሥራ የተሠራው ያማሃ ኤጂ 100 ባለ ሁለት ምት ነው፤ ነገር ግን የሚፈልገው ዘይት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በራሱ ዕቃ ተቀምጦ በፓምፕ እየተለካ ወደ ሞተሩ የሚገባው የባለ ሁለት ምት ዘይት ነው። ይህን ብልሃት ያማሃ ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ሁለተኛው በካምቢዮው ውስጥ የሚቀመጠው ነው፤ በዚያም ውስጥ ፍሪሲዮኑ በዘይት ርሶ ስለሚሠራ፤ የሚያሻው የባለ አራት ምት ሞተር ብስክሌት ዘይት ነው። ሁለቱን ያደባለቀ ሰው ሁለቱንም ያበላሻል። በፓምፕ የሚሄደውም ዘይት ፈጽሞ እንዲያልቅ ከተተወ በቱቦው ውስጥ አየር ይገባል፤ በኋላ ዘይት ቢጨመርም አየሩ እስኪወጣ ድረስ ፒስቶኑ ደርቆ ሊነክስ ይችላል።

ፓምፕ የሌለው፤ ዘይቱ ከቤንዚን ጋራ በእጅ የሚቀላቀልለት አሮጌ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ልኩ በግምት አይሁን። 1 ለ50 ማለት ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው፤ 1 ለ25 ማለት 200 ሚሊ ሊትር ነው፤ 1 ለ20 ማለት 250 ሚሊ ሊትር ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወዲያው የተሠሩት ሞተር ብስክሌቶች ብዙ ዘይት ይፈልጉ ነበር፤ በኋላ የተሠሩት ጥቂት ይበቃቸዋል። ልኩን የሚነግረው የሞተር ብስክሌቱ መጽሐፍ ነው እንጂ የጎረቤት ልማድ አይደለም።

አሁን ወደ ባለ አራት ምቱ ልመለስ። በአውቶሞቢል ውስጥ ፍሪሲዮኑ ከዘይቱ ተለይቶ በደረቅ ይሠራል። በብዙዎቹ የጃፓን ሞተር ብስክሌቶች ግን ሞተሩ፤ ካምቢዮውና ፍሪሲዮኑ ሦስቱም በአንድ ዘይት ይታጠባሉ። የአውቶሞቢል ዘይት ሠሪዎች ነዳጅ ለመቆጠብ ሲሉ መፋተግን የሚቀንስ መድኃኒት ይጨምሩበታል። ይህ ለአውቶሞቢል ጥቅም ነው፤ ለርጥብ ፍሪሲዮን ግን ጉዳት ነው፤ የፍሪሲዮን ሥራው እርስ በርሱ ተፋትጎ መያያዝ ነውና። ከላይ ያነሣሁት ሞተር ብስክሌት የታመመው በዚህ ነበር። ጃፓኖች ይህን አይተው እ.ኤ.አ. በ1998 ለባለ አራት ምት ሞተር ብስክሌት ዘይት የተለየ ደንብ አወጡ። በቆርቆሮው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» ወይም «ጃሶ ኤምኤ2» የሚል ያለበት ለርጥብ ፍሪሲዮን የተፈቀደ ነው፤ «ጃሶ ኤምቢ» የሚል ያለበት ግን መፋተጉ ያነሰ ስለ ሆነ ርጥብ ፍሪሲዮን ላለው አይገዛም። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚያስታውስ አንባቢ ቢኖር ይህን ያስታውስ።

ቀጥሎ የዘይቱ ውፍረት ነው። በቆርቆሮው ላይ 10ደብልዩ-40 ወይም 20ደብልዩ-50 የሚል ጽሑፍ ይታያል። የፊተኛው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ ምን ያህል ሳይረጋ እንደሚንቀሳቀስ ያመለክታል፤ ቁጥሩ ያነሰው በብርድ ይቀላል። የኋለኛው ቁጥር ሞተሩ በጋለ ጊዜ፤ በ100 ዲግሪ ሙቀት፤ የሚቀረውን ውፍረት ያመለክታል። ይህን ማወቅ ከሌላው አገር ይልቅ ለሰሜን ሸዋ ሰው ያስፈልጋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ሌሊቱን ውርጭ ያድርባታል። ከዚያ የተነሣ ሰው በጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ስፍራ፤ ጣልያኖች በወረራው ዘመን በበሱት ዋሻ አልፎ፤ በደብረ ሲና በኩል ሲወርድ በዚያው ቀን በ1,300 ሜትር ግድም ከሚገኘው ከሸዋ ሮቢት ሙቀት ይደርሳል። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ የሚወርደውም እንደዚሁ ነው። አንድ ሞተር ብስክሌት በአንድ ቀን ሁለት አየር ያያል ማለት ነው።

ብዙዎቹ የዱሮ የጃፓን መጻሕፍት ቅዝቃዜው ከ5 ዲግሪ በታች ለማይወርድበት አገር 20ደብልዩ-40ን፤ ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ በላይ ለማይወጣበት አገር 10ደብልዩ-30ን ያዝዛሉ። የደብረ ብርሃን ሌሊት በአንዱ ወገን፤ የሸዋ ሮቢት ቀትር በሌላው ወገን ይሆናል። ስለዚህ መጽሐፉ የሚከለክል ካልሆነ በቀር በሁለቱ መካከል ለሚመላለስ ባለ አራት ምት ሞተር ብስክሌት 10ደብልዩ-40 የሚሻል ይመስለኛል፤ በጠዋት ብርድ ፈጥኖ ይደርሳል፤ በቆላም ሙቀት አይሳሳም። ሁልጊዜ በቆላ ለሚውለው ግን 20ደብልዩ-40 ወይም 20ደብልዩ-50 ቢሆን ነቀፋ የለውም። 20ደብልዩ የተባለው ዘይት የሚፈተነው ከዜሮ በታች በ15 ዲግሪ ስለ ሆነ በደብረ ብርሃን ብርድ አይረጋም፤ ነገር ግን ገና ሞተሩ በተነሣበት ሰዓት ወደ ላይኞቹ ብረቶች የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፤ ብረትም ብዙ የሚበላው በዚያች ጥቂት ጊዜ ነው።

በዚህ ላይ የሚነሡትን ሦስት ክርክሮች አውቃለሁ።

አንደኛው «አሮጌ ሞተር ወፍራም ዘይት ይወዳል» የሚለው ነው። ይህ አባባል ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። ፋሻው ያለቀ ሞተር ወፍራም ዘይት ሲጨመርለት ጢሱ ለጥቂት ጊዜ ይቀንሳል፤ ድምፁም ይለዝባል። ነገር ግን ይህ የታመመውን ሰው በጋቢ እንደ መሸፈን ነው፤ ሕመሙ ከውስጥ ይቀጥላል። ሰማያዊ ጢስ የሚያወጣ ባለ አራት ምት ሞተር ዘይቱን እየበላ ነውና ፋሻው ወይም የቫልቩ ጎማ ይታይለት። ጢሱን በውፍረት ሸፍኖ ለገበያ ማቅረብ ግን ማታለል ነው።

ሁለተኛው «ከሁሉ የተወደደው ይበልጣል» የሚለው ነው። በእኛ መዝገብ የተጻፈው ታሪክ ይህን ያፈርሰዋል። በቆርቆሮው ላይ ያለው ኤፒአይ የሚባለው የአሜሪካኖች ምልክት ኤስኤ፤ ኤስቢ እያለ ይቀጥላል፤ ወደ ፊት በሄደ ቁጥር አዲስ ደንብ ነው። ኤስኢ ወይም ኤስኤፍ የሚል የታዘዘለት አሮጌ ሞተር ብስክሌት ከዚያ የሚበልጠውን ቢያገኝ አይጎዳም፤ ዳሩ ግን «ጃሶ ኤምኤ» አብሮት መኖር አለበት። በፋብሪካ በኬሚካል ብልሃት የተሠራው ዘይት በእርግጥ መልካም ነው፤ ነገር ግን ዘይት በሚያፈስስና ፊልትሮ በሌለው አሮጌ ሞተር ላይ በዓመት አንድ ጊዜ ከሚለወጥ ውድ ዘይት፤ ደንቡን የጠበቀና ቶሎ ቶሎ የሚለወጥ መካከለኛ ዘይት ይሻላል። ይህ የእኔ አሳብ ነው፤ በሒሳብም ቢሆን አይከብድም፤ እንዲህ ያለው ትንሽ ሞተር የሚይዘው ዘይት ብዙ ጊዜ ከአንድ ሊትር ግድም አይበልጥምና።

ሦስተኛው «ለትራክተሩ የተገዛው የናፍጣ ዘይት አለ፤ ከእርሱ ይቀዳለት» የሚለው ነው። ይህን ክርክር አልንቀውም፤ በርሜሉ በዕቃ ቤት ሞልቶ ሳለ ሌላ ግዥ መጠየቅ ለባለ በጀት ይከብዳል። የናፍጣ ዘይት ጥላሸትን ለመሸከም የሚችል ብርቱ አጣቢ አለው፤ በችግር ቀን ባዶውን ከመሄድ ይሻላል። ነገር ግን ርጥብ ፍሪሲዮን እንዳይንሸራተት ተፈትኖ የተፈቀደ መሆኑ በቆርቆሮው ላይ ካልተጻፈ በቀር ለዘወትር አይሁን። ለባለ ሁለት ምት ሞተር ከቤንዚን ጋራ መቀላቀል ግን ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን።

ከእነዚህ ይልቅ የቆዩ፤ ባለቤቶቻቸው እንደ ቅርስ የሚጠብቋቸው ሞተር ብስክሌቶች ደግሞ አሉ። ስለ እነዚህ የሚታወቅ ልዩ ነገር ሞተሩ፤ ካምቢዮውና ሰንሰለቱ ያለበት ቤት ሦስቱም በየራሳቸው ዘይት የሚሠሩ ብዙዎች መኖራቸው ነው። እንዲህ ባለው ላይ አንዱን ቀዳዳ ሞልቶ ሌላውን መርሳት የተለመደ ጥፋት ነው። ከእ.ኤ.አ. 1950 በፊት የተሠሩት አብዛኞቹ ፊልትሮ ስለሌላቸው አጣቢ በሌለው፤ ውፍረቱም አንድ ቁጥር ብቻ በሆነ ዘይት ይሠሩ ነበር፤ ቆሻሻውም በሞተሩ ሥር ይዘቅጥ ነበር። አጣቢ ያለው ዘይት ግን ቆሻሻውን ተሸክሞ ይዞራል። ስለዚህ ለብዙ ዘመን በቀድሞው ዘይት የኖረ ሞተር ሥሩ ተከፍቶ ዝቃጩ ሳይጠረግ በድንገት ወደ አዲሱ ቢዛወር፤ ዝቃጩ ተነሥቶ የዘይቱን ጠባብ መንገድ ሊዘጋ ይችላል። ከተጠረገ በኋላ ግን አጣቢ ያለውን አድርጎ ቶሎ ቶሎ መለወጥ ይሻላል። ኤስኤ የሚለውን ምልክት ያወጡት ራሳቸው ከእ.ኤ.አ. 1930 በኋላ ለተሠራ ሞተር አይስማማም ይላሉ፤ ስለዚህ ሞተር ብስክሌቱ አሮጌ ነውና ምልክቱም አሮጌ ይሁን ማለት ልክ አይደለም።

ይህ የእርሻ መጽሔት ነውና ስለ ጉሎም አንድ ቃል ልጨምር። በየአጥራችን ሥር የሚበቅለው ጉሎ መነሻ አገሩ ምሥራቅ አፍሪቃ እንደ ሆነ ይታመናል። የፊተኞቹ አውሮፕላኖችና የውድድር ሞተር ብስክሌቶች የሚቀቡት በዚሁ በጉሎ ዘይት ነበር፤ በብርቱ ሙቀት ከብረቱ አይላቀቅምና። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1899 የተመሠረተው የዌክፊልድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1909 ለዘይቱ «ካስትሮል» የሚል ስም ያወጣለት ከጉሎ የእንግሊዝኛ ስም ወስዶ ነው። ነገር ግን የጉሎ ዘይት በሞተር ውስጥ ሲቆይ እንደ ሙጫ ይጣበቃል፤ ከማዕድን ዘይትም ጋራ በደንብ አይዋሐድም። ስለዚህ ታሪኩን እያወቅን ዘይቱን ከሞተራችን እናርቀው።

አገራችን ተራራማ በመሆኗም ከዘይቱ ምርጫ ጋራ የሚሄዱ ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። መጀመሪያው የቁልቁለት ነው። ዘይቱ ከቤንዚን ጋራ የተቀላቀለለት ባለ ሁለት ምት ሞተር ብስክሌት ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ፤ ነጂው ነዳጁን ፈጽሞ ዘግቶ በሞተሩ ብቻ እየያዘ ቢሄድ፤ ጎማው ሞተሩን በፍጥነት ያዞረዋል፤ ቤንዚን ስለማይገባ ግን ዘይትም አይገባም። የተመረጠው ዘይት የቱንም ያህል መልካም ቢሆን ካልደረሰ አይጠቅምም። ስለዚህ በረጅም ቁልቁለት በየጊዜው ነዳጅ መስጫውን ጥቂት ከፈት እያደረጉ መውረድ ይገባል። ሁለተኛው የአየሩ መሳሳት ነው። በደብረ ብርሃን ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከሩብ በላይ ያነሰ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ ለአየሩ የማይመጣጠን ቤንዚን ያበዛል፤ የተረፈውም በፒስቶኑ ጎን ወርዶ የባለ አራት ምቱን ዘይት ያቀጥነዋል። የዘይቱ ልክ ሳይጨመርበት ከፍ ብሎ ቢገኝ፤ ወይም ቤንዚን ቤንዚን ቢሸት፤ ዘይቱ ይለወጥ፤ ካርቡራተሩም ይስተካከል። ዘይቱ እንደ ወተት ነጥቶ ቢታይ ደግሞ ውሃ ገብቶበታል፤ ይህም በክረምት ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ ያጋጥማል።

ዘይቱ መቼ ይለወጥ ለሚለው መጽሐፉ የሚያዝዘው ይጠበቅ። መጽሐፉ ለጠፋበት፤ ፊልትሮም ለሌለው አሮጌ ባለ አራት ምት ሞተር ግን፤ በየ1,500 ኪሎ ሜትሩ ወይም በየሦስት ወሩ፤ ከሁለቱ በቀደመው ቢለወጥ መልካም ይመስለኛል። ሲለወጥም ሞተሩ ሞቆ ሳለ ይሁን፤ ቆሻሻው ከዘይቱ ጋራ አብሮ ይወርዳልና። ሲገዛ የቆርቆሮው ማኅተም ያልተነካ መሆኑ ይታይ፤ ባዶው ቆርቆሮ ደግሞ ተበስቶ ይጣል፤ ባዶውን ሰብስቦ የማይረባ ዘይት የሚሞላበት ሰው አይጠፋምና።

ከሞተሩ ስለሚወጣው የተቃጠለ ዘይት ዝም ብዬ ባልፍ ግዴታዬን የፈጸምሁ አይሆንም። ይህን ዘይት ለበግ እከክና ለከብት መዥገር መድኃኒት ነው ብለው የሚቀቡ አሉ። በውስጡ ከሞተሩ የተፋቀ የብረት ብናኝና ከነዳጁ ቃጠሎ የተረፈ መርዝ አለ፤ በጉ በምላሱ ሲልሰው ወደ ሆዱ ይገባል፤ ቆዳውንም ያቆስላል። የመንዝ በግ የሚረባበት አገር ሰው ይህን ማድረግ አይገባውም፤ የእከክ መድኃኒት ከእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤት ይጠየቅ። በጉድጓድና በወንዝ ዳርም አይፍሰስ፤ በተከደነ ዕቃ ተጠራቅሞ ለሚረከበው ይሰጥ።

እንግዲህ የምለምነው ቀላል ነገር ነው። በየጽሕፈት ቤቱ ለእያንዳንዱ ሞተር ብስክሌት አንድ ገጽ ይከፈትለት። በዚያም ላይ አራት ነገር ይጻፍ፤ ዓይነቱና ምቱ፤ ዘይቱ የሚገባባቸው ቀዳዳዎችና ልካቸው፤ የዘይቱ ውፍረት፤ የቆርቆሮው ምልክት። የግዥ ወረቀትም «ዘይት፤ 1 ሊትር» ብሎ ከመጣ ሹሙ አይፈርምበት። «ለባለ አራት ምት ሞተር ብስክሌት፤ 10ደብልዩ-40፤ ጃሶ ኤምኤ፤ 1 ሊትር» ብሎ ሲመጣ ግን ይፈረም። የተጨመረበትም ቀንና ኪሎ ሜትሩ በገጹ ላይ ይመዝገብ። ነጂው ቢለወጥ፤ ጸሐፊው ቢዛወር፤ ገጹ ይቀራል። ከጣልያን የወረስናቸው ካንዴላ፤ ማርሚታ፤ ፍሪሲዮን የሚሉት ቃላት እስከ ዛሬ በመካኒኮቻችን አፍ ይኖራሉ፤ ከሞተር ብስክሌቱ ጋራ ከፋብሪካ የመጣው መጽሐፍ ግን በብዙ ስፍራ ጠፍቷል። የጠፋውን መጽሐፍ የሚተካው ይህ ገጽ ነው።

ይህን ለማድረግ አዲስ በጀት አያስፈልግም፤ ብዕርና ጥቂት ጥንቃቄ ይበቃል። ሞተር ብስክሌቱ ከተነከሰ በኋላ ኮሚቴ ከመሰብሰብ ይልቅ፤ አባቶቻችን እንዳሉት ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይሻላል። በቅዱስ መጽሐፍ የተነገረላቸው አምስቱ ሰነፎች ደናግል በሩ የተዘጋባቸው ዘይት ሳይዙ በመምጣታቸው ነው። የእኛ ነገር ከእነርሱ ይብሳል፤ ዘይቱን ገዝተን፤ ገንዘቡንም ከፍለን፤ ሳንለየው በመቅረታችን ብቻ በመንገድ እንቆማለንና። የሚመጣው የክትባት ዘመቻ ሳይደርስ እያንዳንዱ ሹም በደጁ የቆመውን ሞተር ብስክሌት አንድ ጊዜ ወጥቶ ይመልከት፤ «በውስጡ ያለው ምን ዘይት ነው?» ብሎም ይጠይቅ። የሚመልስለት ቢያጣ ገጹን በዚያው ቀን ይክፈት።